“ዘመነች” ሲባል አቤት ያልኩባቸው ቅዳሜዎች

ቀራንዮ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘመነች፤ ቦንጋ

እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴንም ስለለመድኩት በሽታ አልለውም። ልጅሽን ሚሚን ሳሚልኝ።

አዎ፣ ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ ሁለቱም። ሹፌሩ ሰብስቤ አውቶቡሱን እንዳቆመ ደውሎ በእጄ አስረክቦኛል፤ በእሱ አላመካኝም። የዘገየሁት እጄ ስለሚዘገይ ነው። አንቺ ሻይሽ ሳይበርድ የምትጨርሺው ገጽ ለእኔ የሦስት ቀን ሥራ ነው። እንዳልደውልልሽ ጆሮሽ ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሚሚ መሃል ገብታ “አክስቴ እንዲህ አለች” እያለች ስትጮህልሽ ደግሞ የእኔና የአንቺ ነገር የሰፈር ይሆናል። ስለዚህ እጽፋለሁ። በስልሳ አራት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል።

ስለ መሸኛው ጠይቀሻል። ከዚህ ወረዳ ለቅቀሽ እዚያ መግባትሽን የምትመሰክር አንዲት ወረቀት ናት፤ አንቺ እንደምትዪው ቀላል ትመስላለች። ግን በዚህ ወር ወረዳው ተጨናንቋል። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች ያለው የእኛ መስመር በሙሉ ይፈርሳል። በሩ ሁሉ በቀይ ቀለም ተቆጥሯል። በቀበሌ ቤት ለሚኖር ባለውል ምትክ ቤት ይሰጣል ተብሏል፤ ሰው ሁሉ ወረቀት አቅፎ ይሮጣል። አሁን ሄጄ መሸኛ ብል ማን ይሰማኛል። ጥቂት ታገሺኝ።

ይልቅ ስለ ትምህርቱ ልንገርሽ፣ ጠይቀሽኝ የለ። ነዋሪው በሰፈሩ ያለው መንግሥት እንዴት እንደሚሠራ ይወቅ ተብሎ ስድስት ቅዳሜ በወረዳው አዳራሽ ይሰጣል። ከየቤቱ አንድ ሰው መገኘት አለበት። አስተማሪዋ ሩሃማ ትባላለች፤ ብዙ ቢሆናት ሃያ ስድስት ነው። ድምጿ ቀጭን ነው፤ የሚያንቀላፋ ሰው ግን አያመልጣትም። ወረዳውን ከታች፣ ክፍለ ከተማውን ከመሃል፣ ከተማውን ከላይ አድርጋ ሰሌዳው ላይ ሳለችና ከሁሉም በታች አንድ ትልቅ ክብ ጨመረች። “ይኼ እናንተ ናችሁ፤ የሥልጣኑ ባለቤት እናንተ ናችሁ” አለች። ጎረቤቴ ሌሊሴ እጇን አወጣችና “ባለቤቶቹ እኛ ከሆንን ቁልፉ ማን ጋ ነው?” ብላ ጠየቀች። ሩሃማም ሳቀች። ከዚያ ግን ቁም ነገሩን አስተማረችን፤ አቤቱታ ለማን እንደሚጻፍ፣ ወረዳው በስንት ቀን መመለስ እንዳለበት፣ ካልመለሰ ወዴት እንደሚኬድ። ሁሉንም በደብተር ይዣለሁ። ቤቴል ባለው ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ስጠርግ ምን እንደምጠርግ አላውቅም ነበር። አሁን ሰሌዳው ሳይጠረግ ቀድሜ እጽፈዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ስም የተጠራው በባለውሎቹ ዝርዝር ነበር። ሩሃማ “ወይዘሮ ዘመነች” አለች። ደግማ ጠራች። ሌሊሴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና “እትዬ፣ አቤት በይ እንጂ፤ ቤቱ ሰው የለውም ሊሉ ነው” አለችኝ። አቤት አልኩ። የፊርማው ወረቀት ሲደርሰኝም በስምሽ ትይዩ ስምሽን ጻፍኩ። ይኸው ሦስት ቅዳሜ ሆነኝ። ሌሊሴ ጠዋት በር ላይ ስታገኘኝ “ዛሬስ ማን ልበልሽ?” ትለኛለች። እስቃለሁ፤ ሳቁ አፌ ላይ ይደርቃል።

ሰውነትሽ ላይ ስለወጣችው እብጠት “ትንሽ ናት” ብለሻል። ትንሽ ከሆነች ነገሩ እስኪረጋጋ ትጠብቅ።

እህትሽ በላይነሽ


ቦንጋ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ በላይነሽ

ጤና ይስጥልኝ። ሚሚም ሳመችሽ። የእጅ ጽሑፍሽ ካለፈው ዓመት እጅግ ቀንቷል፤ ሳነበው ደስ አለኝ፤ ሌላውን ሳነብ ግን ደስታዬ ቆመ።

መሸኛውን ለምን አሁን እንደፈለግሁት በግልጽ ስላልጻፍኩ ጥፋቱ የእኔ ነው። የጤና መድኑ በባለቤቴ በአሰፋ ስም ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ተዘጋ። በራሴ ስም ልግባ ስል “መታወቂያዎ የአዲስ አበባ ነው፤ የዚህ ነዋሪ አይደሉም” አሉኝ። መሸኛ ካመጣሁ በዚያው ቀን ይመዘግቡኛል። የዓመቱ ምዝገባ ጥር 30 ይዘጋል። ሐኪሙ ደግሞ ለታኅሣሥ 8 ጅማ ቀጥሮኛል፤ ያለ መድኑ እዚያ መሄዱ ለእኔ አይታሰብም።

ራሴ መጥቼ እንዳላወጣው ተቀምጬ ያን ያህል መንገድ መጓዝ ከብዶኛል። ስለዚህ ውክልና አስጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እሱን ካሳየሽ በእኔ ቦታ ሆነሽ ማውጣት ትችያለሽ፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

በስሜ አቤት በማለትሽ አልተቀየምኩም። ግን አንድ ነገር እኔም ልንገርሽ። ሠላሳ ሦስት ዓመት እዚህ ስኖር ለምን የቦንጋ መታወቂያ እንደማላወጣ አሰፋ ይጠይቀኝ ነበር። የጓሮውን መሬት በሁለታችን ስም እናድርገው ሲለኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እዚህ ነዋሪ የሆንኩ ቀን የቀራንዮው ቤት ባለውል እንደሚያጣ አውቅ ነበር። አሰፋ ሲሞት መሬቱ ለወንድሞቹ ሄደ። ይህን ሁሉ ለማን ብዬ እንዳደረግሁት አንቺ ታውቂያለሽ። ጽፌልሽ አላውቅም፤ ዛሬም የጻፍኩት ስለጨነቀኝ ነው።

እባክሽ እትዬ፣ በዚህ ሳምንት ሂጂልኝ።

ታናሽሽ ዘመነች


ቀራንዮ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘመነች

እንደምን አለሽ። ውክልናው ደርሶኛል፤ ማኅተሙም በደንብ ይነበባል። በመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

አልሄድኩም። ለምን እንዳልሄድኩ ልጻፍልሽ፤ ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ።

ከትናንት በስቲያ የመጨረሻው ቅዳሜ ነበር። ሩሃማ የቤቶች ክፍሉን ኃላፊ ሚሊዮንን አምጥታ “ዛሬ እናንተ ትጠይቃላችሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ” አለችን። እጄን አወጣሁ። በዕድሜዬ በአዳራሽ መሃል ቆሜ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

“አንዲት ጎረቤት አለችኝ” አልኩ። ሌሊሴ አቀረቀረች። “የቤቱ ውል በእህቷ ስም ነው። እህቷ ወደ ክፍለ ሀገር ከሄደች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ቤቱ ሲፈርስ ጎረቤቴ ምን ታገኛለች?”

“ምንም” አለ ሚሊዮን። “ምትክ ለባለውል ነው፣ እማማ።”

“አርባ ሁለት ዓመት ኖራበት ቢሆንስ?”

“ዓመት ውል አይሆንም።”

“እህትየዋ መሸኛ ብታወጣስ?”

“በዚያው ቀን ቤቱ ለመንግሥት ይመለሳል።”

ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ “እንግዲያው ያቺ ጎረቤትሽ አፏን ዘግታ ትቀመጥ” አሉ፤ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሩሃማ አልሳቀችም። የስም መጥሪያውን ገለጥ አድርጋ አየች፤ መልሳ ዘጋችው።

ሚሊዮን ቀጠለና ኅዳር 18 ባለውል ሁሉ ቀርቦ “እዚሁ ነው የምኖረው” ብሎ ይፈርማል አለ። ከተፈረመ በኋላ ምትኩ እስኪሰጥ ፋይሉ ይቆለፋል፤ ከእሱ ውስጥ መሸኛ አይወጣም። ያልፈረመ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። ነገሩ እንግዲህ ይኼ ነው፤ መሸኛሽን ካወጣሁ ቤት የለኝም። ቤቱን ካስቀረሁ መሸኛ የለሽም። ስድስት ቅዳሜ ተምሬ ያወቅሁት ይህን ነው። ሳላውቅ ብቀር ይሻለኝ ነበር።

“ለማን ብዬ” ብለሽ ጽፈሻል። ልመልስልሽ። ቤቱ በ1974 ሲሰጥ ለሁለታችን ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር “ማን ይፈርማል?” ሲል እኔ ታላቅ ነኝና አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ አድርጌ ነበር። አባባ እጄን ያዘኝ። “መጻፍ የምትችል ልጅ እያለችኝ በጣት አላስፈርምም፣ ሰው ይስቅብኛል” አለ። አንቺ ፈረምሽ፤ አምሮብሽ ነበር። እኔ ቀለሙን በቀሚሴ ጠረግሁት። አባባ አንቺን ትምህርት ቤት ሲልክ እኔን ውሃ እንድቀዳ ቤት ያስቀረኝ ጊዜ አልተቀየምኩም፤ ሁለት ማስተማር አይችልም ነበር። ያቺን ቀን ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። አንቺ ፈርመሽ ባል አግብተሽ ሄድሽ። ጣሪያውን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ጎርፉ ሲገባ በባልዲ ስቀዳ ያደርኩት እኔ ነኝ። እናታችንን ከዚህ ቤት አውጥቼ የቀበርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ውለታ ዋልኩልሽ ትያለሽ፤ የዋልሽልኝ ውለታ ስሜን ወስደሽ ማቆየትሽ ነው።

ይህን ጽፌ ልቀደው ነበር። ለመጻፍ ሁለት ቀን ስለፈጀብኝ አሳዘነኝና ተውኩት።

ሄጄ ሚሊዮንን ለብቻው አናግራለሁ። ሌላ መላ ይኖር ይሆናል። ራስሽን ጠብቂ።

በላይነሽ


ቀራንዮ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘመነች

ሰብስቤ ሊነሳ ስለሆነ በችኮላ ነው። የቤቱ ነገር ተረጋግጧል። ምትኩ እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፣ አንድ ክፍል ከነማብሰያው። መስኮቱ ጠዋት ፀሐይ ያገኛል ይላሉ።

መሸኛውን በተመለከተ፣ ማኅተም ያዢዋ ወልዳ ቤቷ ናት። እስከ ገና አትመለስም። ለጅማው ሐኪም ንገሪው፤ ሐኪም ቀጠሮ ማዛወር አይከብደውም።

ለሚሚ የላክሁት ሹራብ ልኳ ካልሆነ መልሺው።

በላይነሽ


ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ በላይነሽ

ሹራቡ ልኳ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላለች።

ማኅተም ያዢዋ አልወለደችም። ሚሚ ሌሊሴ ዘንድ ደውላ ነበር። ሌሊሴ ልትሸፍንልሽ ብዙ ጣረች፤ ሚሚ ስትነግረኝ አዘንኩላት። በመጨረሻ “እኔን ለምን ታስጨንቂኛለሽ፣ ፈርማለች” አለቻት። ኅዳር 18 ሚሊዮን ፊት ቀርበሽ “ዘመነች ነኝ፣ እዚሁ ነው የምኖረው” ብለሽ ፈርመሻል። እኔ እንግዲህ ቀራንዮ ነው የምኖረው። ቦንጋ የታመመችው ማን እንደሆነች አላውቅም።

ለሐኪሙ እንዳልሽው ነገርኩት። የታኅሣሥ ስምንቱ ቀጠሮ አለፈ።

“ትንሽ ናት” ያልኩሽ ውሸት ነው። ጡቴ ላይ ናት። መስከረም ላይ ሽምብራ ታህል ነበር፤ አሁን ሎሚ ታህላለች። እንዳትደነግጪ ብዬ ነበር የደበቅሁሽ። ሐኪሙ ከጥር ካለፈ መቁረጡም ላይጠቅም ይችላል ብሎኛል።

ይህን የጻፍኩት ላስፈራራሽ አይደለም። ስለ አባባና ስለዚያ ቀለም የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እውነት ነው። ቀሚስሽ ላይ ስትጠርጊው አይቼሻለሁ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ምንም አላልኩም። እንግዲህ ቤቱን ያዥው። መሸኛውን ዳግመኛ አልጠይቅሽም። ባትጽፊልኝም አልቀየምም።

ዘመነች


ቀራንዮ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘመነች፣

ሰላምታ የምጽፍበት ፊት የለኝም።

እጄ ቀደመኝ አልልሽም። እያወቅሁ ነው የፈረምኩት። ወረፋው ሲደርሰኝ ሚሊዮን መዝገቡን ወደ እኔ አዙሮ “ወይዘሮ ዘመነች፣ እዚህ ጋ” አለኝ። ውክልናሽ በቦርሳዬ ነበር። ሁለቱንም ይዤ ነው የሄድኩት፤ እዚያ ስደርስ ልቤ የወደደውን አደርጋለሁ ብዬ። ልቤ የወደደው ቤቱን ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ልጅ የለኝም፣ ከዚያ በር ውጭ የማውቀው በር የለኝም። ይህን የምጽፈው እንድታዝኚልኝ አይደለም። እንዴት እንደሆነ እንድታውቂው ነው።

የአንቺ ደብዳቤ ዓርብ ደረሰኝ። ዛሬ ሰኞ ቢሮው ሳይከፈት በር ላይ ነበርኩ። ሚሊዮን ገብቶ ሳይቀመጥ “እኔ ዘመነች አይደለሁም፤ ፊርማውን ሰርዙልኝ” አልኩት።

ሄዶ በሩን ዘጋው። “እማማ፣ ይህን አልሰማሁም። ቤትዎ ገብተው ይረፉ።”

“እህቴ ታማለች። መሸኛ ያስፈልጋታል።”

“ፋይሉ ተቆልፏል። ልክፈተው ካልኩ ደግሞ የሐሰት ፊርማ ነው የማገኘው። ቤቱ ይሄዳል፣ እርስዎም ይጠየቃሉ። ሰው ቤት ተሰጥቶት ይከሳል እንዴ?”

“እከሳለሁ” አልኩት።

“ማንን?”

“ራሴን።”

ወጥቼ ወደ ቅሬታ ሰሚ ሄድኩ። እዚያ የተቀመጠችው ልጅ ቅጽ ሰጠችኝ። አንዱ መስመር “ቅሬታ አቅራቢ” ይላል፤ በላይነሽ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ “ቅሬታ የቀረበበት” ይላል፤ እዚያም በላይነሽ ብዬ ጻፍኩ። “እማማ፣ ተሳስተዋል፤ ሁለቱም ቦታ አንድ ስም ነው የጻፉት” አለችኝ። አልተሳሳትኩም አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና አለቃዋን ልትጠራ ሄደች። አለቃዋ ሦስት ጊዜ አነበበው። እንዲህ ያለ ቅሬታ የሚገባበት ሳጥን የለንም አለኝ። “አቤቱታን አልቀበልም ማለት አይቻልም፤ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ተምረናል” አልኩት። ደብተሬን አውጥቼ ገጹን አሳየሁት። ሩሃማ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ኖሯል፤ ገባችና “ትክክል ናቸው፣ ተቀበሏቸው” አለች። ተቀበለኝ፤ ቁጥርም ሰጠኝ።

ሩሃማን ደረጃው ላይ “ቀድመሽ አውቀሽ ነበር?” ብዬ ጠየቅኋት። “በስድስተኛው ቅዳሜ አወቅሁ። ዝም ያልኩት ቤት እንዳያጡ ብዬ ነው፤ ስለ እህትዎ አልነገሩኝም” አለችኝ። እንባዋ መጣ። እኔ ግን ማልቀሻ ጊዜ የለኝም።

ወረዳው ለመመለስ አሥር የሥራ ቀን አለው። ካልመለሰ ወደ ክፍለ ከተማው ይኬዳል፣ ሌላ አሥር ቀን። ገናን ቀንሼ ቆጥሬያለሁ። ከጥር 30 በፊት አሥር ቀን ሁለቴ ብቻ ይገባል። ሦስተኛ ቦታ ካስኬዱኝ አይደርስም። አይደርስም ማለት ምን ማለት እንደሆነ መጻፍ አልችልም።

ዘመነች፣ እባክሽ ቆይኝ። ሌላ የምለምንሽ የለም። ይቅር አትበይኝ፤ ብቻ ቆይኝ።

በላይነሽ


ቀራንዮ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘመነች

መሸኛሽ ከዚህ ጋር ነው። መጀመሪያ እሱን አውጥተሽ እዪው፤ ስምሽ፣ ፎቶሽ፣ ማኅተሙ። ደብዳቤውን ከዚያ አንብቢ።

ወረዳው አሥሩን ቀን ዝም አለኝ። በአሥራ አንደኛው ጠዋት ክፍለ ከተማው በር ላይ ነበርኩ። እዚያም በመጨረሻዋ ቀን ጠሩኝ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በአንድ ወገን ሚሊዮን ተቀምጧል። ዘመነች አለመሆኔን የሚያውቅ ምስክር ጠየቁኝ። ሌሊሴን አልጠራኋትም፤ እሷ ግን ከውጭ ገባች። “እኔ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ አቤት በይ ያልኳትም እኔ ነኝ፤ የምትጠይቁ ከሆነ ሁለታችንን ጠይቁ” አለች። የእሷ ምትክ ገና አልተሰጠም።

አንደኛው ሰው “ይህን ሲያደርጉ ቤቱን እንደሚያጡ ገብቶዎታል?” አለኝ። ገብቶኛል አልኩ። “ይጻፉት” አለኝ። ጻፍኩት። ስጽፍ ሦስቱም ጠበቁኝ፤ ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ።

ፊርማው ተሰረዘ። በዕድሜዬ ምክንያት ክስ አይመሠረትም ብለው በማስጠንቀቂያ አለፉኝ። ማስጠንቀቂያው “ለወይዘሮ በላይነሽ” ይላል። መንግሥት በስሜ ደብዳቤ ሲጽፍልኝ የመጀመሪያው ነው፤ ማንም ሳያግዘኝ አነበብኩት። ጥር 30 ቁልፉን አስረክባለሁ። ትናንት ሚሊዮን መሸኛውን ራሱ ፈርሞ ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

የት ትገቢያለሽ ትዪኝ ይሆናል። ሌሊሴ ምትኳ ሲሰጣት አንድ ጥግ አለ ትላለች። አምስት ሆነው አንድ ክፍል ሊገቡ ነው፤ ጥጉ የት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ዕቃዬን መልቀም ጀምሬያለሁ። የእናታችንን አልጋ የሚወስድ አጣሁ።

ሰብስቤ ነገ ይነሳል። ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ፤ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከት፣ በደረት ኪሱ እንዲይዘው አስምዬዋለሁ። ዝናብ ሳያገኘው፣ መንገድ ሳይዘጋ፣ አንቺ በእግርሽ ቆመሽ ሳለሽ እንዲደርስ ሌላ ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም። የተማርኩት እዚህ ላይ ያልቃል።

መድረሱን ጻፊልኝ። በእጅሽ ጻፊ፣ አንድ መስመርም ቢሆን። ፖስታው ላይ የሚሚን ጽሑፍ ካየሁ የምከፍተው አይመስለኝም።

በላይነሽ


ቦንጋ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ በላይነሽ፤ በሌሊሴ በኩል

ፖስታውንም ደብዳቤውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቱ ጥር 25 ደረሰ። ሰብስቤ ከደረት ኪሱ ሲያወጣው በላብ ሞቆ ነበር። ትናንት ተመዘገብኩ። ጅማ የካቲት 6 ይቀበሉኛል። ዘግይቷል ወይስ ደርሷል ብዬ ሐኪሙን ስጠይቀው ወረቀቱን እንጂ እኔን አያይም። ብብቴ ሥር ሌላ ተገኝቷል። ከእንግዲህ አልደብቅሽም።

ፊርማሽን ይቅር ብያለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኩት። ገና አልቻልኩም። ስችል እነግርሻለሁ፤ ጊዜ ካገኘሁ።

መዝጋቢው ልጅ ካርዱን ሲሞላ “የቤተሰብ ብዛት?” አለኝ። ሚሚ በባሏ ካርድ ስለሆነች አንድ ልለው ነበር። ሁለት አልኩት። “ስም?” አለኝ፤ ስምሽን ነገርኩት። “ዝምድና?” ታላቅ እህቴ ናት አልኩት። “መሸኛዋስ?” ሲለኝ ይመጣል አልኩት። በእርሳስ ጻፈሽ። ወረቀቱን ካየ በእስክሪብቶ ያደርገዋል፤ ያለዚያ በየካቲት 15 ያጠፋዋል።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ጣሪያው አንድ ቦታ ያፈሳል፤ አንቺ ታውቂበታለሽ። አብረን ስንኖር የምንጣላ ይመስለኛል። ከጅማ ካልተመለስኩም ሚሚ ቁልፉን ትሰጥሻለች፤ ነግሬያታለሁ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እሺ አለችኝ።

ይህ በደረሰሽ ማግስት ጠዋት ወረዳው ሂጂ። ውክልና አያስፈልግሽም፣ የእኔም ስም አያስፈልግሽም። መሸኛዬን ስጡኝ በያቸው። በላይነሽ ብለው ሲጠሩሽ አቤት በይ፣ አንቺው ፈርሚ፣ ይዘሽው ነይ።

ዘመነች